አንድ ቃል ለሦስት ሥራ፤ ስለ አንድ የሰርቨር ጥገና መመሪያ ሙያዊ ቃላት የቀረበ ሒስ

ሙያዊ ቃላትን በአማርኛ ለመሰየም የሚደረገው ጥረት ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በቃሉ መልክ ነው። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል ወይስ ይጎረብጣል፣ ከግዕዝ ተቀዳ ወይስ ከባዕድ ቋንቋ ተዋሰ፣ አጠረ ወይስ ረዘመ እየተባለ ብዙ ተጽፏል። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ሆኖም ለሥራ የሚውል ቃል ከሁሉ በፊት የሚመዘንበት ሌላ ሚዛን አለ። ይኸውም፣ ቃሉን አምኖ እጁን የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ የታሰበውን ሥራ ይሠራል ወይስ ሌላ ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በዚህ ሚዛን አንድ መመሪያን ለመመርመር የቀረበ ነው።

መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ የሰርቨር ኮምፒዩተሮችን ለሚጠግኑ ቴክኒሺያኖች ማሠልጠኛ የተዘጋጀ ነው። ለገበያ ያልወጣ በመሆኑ የአዘጋጁን መሥሪያ ቤትም ሆነ የተርጓሚዎቹን ስም መጥቀስ አያስፈልግም። ዐላማችን ሰው መንቀፍ ሳይሆን ቃል መመርመር ነው። ምርመራውም በአንድ ምዕራፍ ብቻ የተወሰነ ነው፤ እርሱም በጋራ የሚሠሩ ሰርቨሮች በዲስክ መቆጣጠሪያው አቋም ምክንያት ሳይነሡ ሲቀሩ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያስረዳው ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሰርቨር ለሌሎች ኮምፒዩተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ተረክቦ እንዲቀጥል ሁለት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ሰርቨሮች ተያይዘው እንደ አንድ ሆነው ይሠራሉ። ዲጂታል ኢኪዊፕመንት ኮርፖሬሽን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ቫክስክላስተር የተባለውን ሥርዐት ይዞ ከቀረበ ወዲህ ይህ አሠራር በሰፊው ታውቋል። ሰርቨሮቹ በጋራ የሚያነቧቸውና የሚጽፉባቸው ዲስኮች አሏቸው። በሰርቨሮቹና በዲስኮቹ መካከል ደግሞ ትእዛዝ ተቀብሎ የትኛው መረጃ በየትኛው ዲስክ ላይ እንደሚያርፍ የሚወስን ራሱን የቻለ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለ፤ ይህም የዲስክ መቆጣጠሪያ ነው። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉት የበርክሊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ሬይድ ብለው የሰየሙትን አሠራር ካስተዋወቁ በኋላ፣ መቆጣጠሪያው ብዙ ዲስኮችን በአንድ ቡድን አደራጅቶ አንዱ ቢጠፋ መረጃው ከቀሩት እንዲገኝ ማድረግም ሥራው ሆኗል።

እንዲህ ያሉ ሰርቨሮች ሳይነሡ ሲቀሩ ምክንያቱ ሁልጊዜ የመሣሪያ መሰበር አይደለም። መሣሪያው ሁሉ ደኅና ሆኖ የመቆጣጠሪያው አቋም ከሰርቨሮቹ ወይም ከዲስኮቹ ጋር ሳይጣጣም ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥገናው በመፍቻ ሳይሆን በንባብ የሚሠራ ይሆናል። ሠራተኛው በስክሪኑ ላይ ያለውን ቃል ከመመሪያው ቃል ጋር አስተያይቶ ከቀረቡለት ምርጫዎች አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ የቃል ስሕተት የጥገና ስሕተት ይሆናል ማለት ነው።

የመመሪያው ዋና ጉድለት «ማስጀመር» በሚለው ቃል ላይ ይታያል። ተርጓሚዎቹ ይህን አንድ ቃል ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች አውለውታል። የመጀመሪያው አንድን አገልግሎት ሥራ እንዲጀምር ማዘዝ ነው። ሁለተኛው፣ በእንግሊዝኛ ቡት የሚባለው፣ ኮምፒዩተሩ ከተከፈተ በኋላ ዋናውን ፕሮግራም ከዲስክ አንሥቶ በእግሩ የሚቆምበት ሂደት ነው። ሦስተኛው ኢኒሻላይዝ የሚባለው ነው፤ አዲስ የዲስክ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጻፉ በፊት የሚሰናዳበት ሥራ ሲሆን፣ እንደ ዐይነቱ የቡድኑን መጀመሪያና መጨረሻ ወይም መላውን ዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላል። የቀደሙት ሁለቱ መረጃ አይነኩም፤ ሦስተኛው ግን ያጠፋል። በመመሪያው መጨረሻ ባለው የቃላት ዝርዝር ውስጥ «አስጀምር» በሚለው ፊት ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በነጠላ ሰረዝ ብቻ ተለያይተው በአንድ መስመር ተቀምጠዋል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ትችት ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት የመመሪያውን ቋንቋ እንዳርም በተጠራሁ ጊዜ ነው። የተጠራሁት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የአንዱ ሰርቨር የዲስክ መቆጣጠሪያ ተቃጥሎ ተገኘ። ተረኛው ወጣት ቴክኒሺያን በመለዋወጫ ቀየረው፤ ይህን በትክክል ሠርቷል። ሰርቨሩ ግን አልነሣ አለ። አዲሱ መቆጣጠሪያ በዲስኮቹ ላይ የተጻፈውን አደረጃጀት የራሱ ሆኖ ስላላገኘው ውሳኔ እንዲሰጠው ጠየቀ። ወጣቱ መመሪያውን ገለጠ። መመሪያው «የውጭ ውቅር ሲገኝ አስመጣ ወይም አጽዳ» ይላል። «አጽዳ»ን መረጠ። ቀጥሎ የዲስኮቹን ቡድን እንደ አዲስ አደራጅቶ፣ ሰርቨሩን ማስጀመር ይፈልግ ስለ ነበር፣ «አስጀምር»ን ፈለገ፤ በዝርዝሩ ውስጥ በአቻነት ከተቀመጡት ሦስት ቃላት በስክሪኑ ላይ የነበረው ኢኒሻላይዝ ብቻ ነበር። እርሱን ተጫነ። ቀድሞ በቴፕ ከተቀዳው ተመልሶ የተገኘው ተገኝቶ፣ የአራት ቀን ሥራ ከወረቀት እንደገና ተጻፈ። ወጣቱም በጽሑፍ ተወቀሰ። ባነጋገርሁት ጊዜ፣ «ጋሼ፣ አስጀምር ይላል እኮ፤ እኔም የፈለግሁት ማስጀመር ነበር» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እውነቱን ነውና።

ለእነዚህ ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች አማርኛ ቃል አጥቶ ነውን? በእኔ ግምት አይደለም። ለአገልግሎት «ማስጀመር» የሚለው ቃል ይበቃል። ለሁለተኛው «ማስነሣት» የሚል ቃል አለን። የጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ «ሞተሩ ተነሣ»፣ «መኪናው አልነሣ አለ» ይላል፤ ይህን ለኮምፒዩተር ለማዋል አዲስ ትምህርት አያስፈልግም። ለሦስተኛው ደግሞ «ማሟሸት» የሚለውን ቃል አቀርባለሁ። አዲስ ምጣድ ገና እንጀራ ሳይጋገርበት በእሳት ተሰምቶ በጎመን ዘር ይሟሻል። ማሟሸት ዕቃን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ብቁ ማድረግ ነው፤ ፅንሰ ሐሳቡ ከኢኒሻላይዝ ጋር የተቀራረበ ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ ማስጠንቀቂያውን በራሱ ይዟል። ወጥ ያለበትን ድስት የሚያሟሽ ሰው የለምና፣ «የዲስኩን ቡድን አሟሽ» የሚል ትእዛዝ ያነበበ ሠራተኛ «ውስጡ ያለው ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቃሉ የማድ ቤት ነው ተብሎ ይነቀፍ ይሆናል። እንግሊዝኛው ቡት የመጣው ከጫማ ማሰሪያ መሆኑን ያስታውሷል፤ ቡትስትራፕ ማለት ቡት ጫማን ስቦ ለማጥለቅ ከኋላ የሚሰፋ የቆዳ ቀለበት ነው። ለእነርሱ ጫማ ካላሳፈረ ለእኛ ምጣድ ሊያሳፍረን አይገባም።

«የውጭ ውቅር» የሚለውም እንዲሁ አሳሳች ነው። በእንግሊዝኛው የተፈለገው አደረጃጀቱ በሌላ መቆጣጠሪያ የተጻፈ መሆኑን መግለጽ ነው። መረጃው የራሳችን ነው፤ ባዕዱ መቆጣጠሪያው ነው። በአማርኛ ግን «የውጭ» የተባለ ነገር ሳይፈቀድለት ከደጅ የገባ ይመስላል። ከዚህ ጎን «አጽዳ» ሲቀመጥ ምርጫው አስቀድሞ የተወሰነ ያህል ነው፤ ጽዳትን የሚጠላ ማን ነው? «አስመጣ» ደግሞ የአስመጪና ላኪ ንግድን እንጂ በዲስኩ ላይ ያለውን አደረጃጀት መቀበልን አያስታውስም። ለዚህ «እንግዳ ውቅር» ማለት ይሻላል። እንግዳ ያልታወቀ ነው፤ ነገር ግን የሚቀበሉት እንጂ የሚጠርጉት አይደለም። ምርጫዎቹም «ተቀበል» እና «ሰርዝ» ቢባሉ የሁለቱ ውጤት ከቃሉ ይታወቃል። በነገራችን ላይ መሰረዝ ራሱ በዲስኮቹ ላይ ያለውን የአደረጃጀት መዝገብ እንጂ መረጃውን አያጠፋም፤ ወጣቱ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ በባለሙያ እርዳታ የማዳን ተስፋ ነበረ። ያን ተስፋ የቆረጠው ሁለተኛው ቃል ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ የሥነ ምዕላድ ነው። መመሪያው የዲስክ መቆጣጠሪያውን አንድ ጊዜ «የማከማቻ ተቆጣጣሪ»፣ ሌላ ጊዜ «የማከማቻ መቆጣጠሪያ» ይለዋል። በአማርኛ «ተቆጣጣሪ» የሚለው የአድራጊ ስም በመጀመሪያ የሚያመለክተው ሰውን ነው፤ «የማከማቻ ተቆጣጣሪውን ቀይር» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ የመጋዘን ኀላፊው ከሥራ እንዲነሣ የታዘዘ ሊመስለው ይችላል። «መቆጣጠሪያ» የሚለው የመሣሪያ ስም ከ«ማቀዝቀዣ»ና ከ«ማስሊያ» ጋር አንድ መንገድ የሚከተል ስለ ሆነ የተሻለ ነው። ዳሩ ግን መመሪያው ይህንኑ ቃል አቋም የሚቀየርበትን ገጽም ለመጥራት ተጠቅሞበታል። ለገጹ «የማዘዣ ገጽ»፣ ለክፍሉ «የዲስክ መቆጣጠሪያ» ቢባል ሁለቱ አይጋጩም።

በአንድ ገጽ ላይ ደግሞ «የአውቶቡስ መጋራት» የሚል እናገኛለን። ነገሩ እንዲህ ነው። ቪኤምዌር በተባለው ሥርዐት በአንድ ብረት ኮምፒዩተር ውስጥ ብዙ ኮምፒዩተሮች በፕሮግራም ተፈጥረው ይሠራሉ። ሁለቱ አንድ ዲስክ በጋራ እንዲይዙ ሲፈለግ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያቸው መስመር የጋራ መሆኑ አስቀድሞ መነገር አለበት። ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው፤ መጋራት የለም፣ በአንድ ብረት ኮምፒዩተር ውስጥ ባሉት መካከል መጋራት፣ በተለያዩ ብረት ኮምፒዩተሮች ላይ ባሉት መካከል መጋራት። «መጋራት የለም» ከተባለ፣ የመጀመሪያው ተነሥቶ የዲስኩን ፋይል ስለሚቆልፈው ሁለተኛው ሳይነሣ ይቀራል። መመሪያው ሦስቱን «ምንም፣ ምናባዊ፣ አካላዊ» ብሏቸዋል። «ምናባዊ» ማለት በሐሳብ የተፈጠረ፣ የሌለ ማለት ነውና፣ አንባቢው «ምናባዊ መጋራት» ሲል እውነተኛ ያልሆነ መጋራት ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ራሱ ግልጽ አይደለም። ተርጓሚ ግን ጭላጭሉን ከነጨለማው የመቅዳት ግዴታ የለበትም፤ «በአንድ ማሽን ውስጥ» እና «በማሽኖች መካከል» ቢል ማንም አይሳሳትም። «አውቶቡስ» የተባለውም፣ ምንጩ ላቲን ሆኖ «ለሁሉ» ማለት ስለ ሆነ፣ «የጋራ መስመር» ቢባል ትርጉሙን ያገኛል።

ከዚህ የሚቀራረበው «ቦታ ማስያዝ» ነው። ሁለት ሰርቨሮች በአንድ ዲስክ ላይ በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉ አንዱ ዲስኩን በስሙ ይይዛል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ወዲህ የጋራ ዲስክ ያለው ክላስተር፣ መስመሩ ዳግም ቢነሣ እንኳ የማይጠፋ ይዞታ ይጠይቃል፤ መቆጣጠሪያው ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ዲስኩ ለጋራ ሥራ አይውልም። «ቦታ ማስያዝ» የሆቴልና የአውሮፕላን ቃል ነው። በሕግ ቋንቋችን «ይዞታ» የሚል ቃል እያለ፣ «ዘላቂ ይዞታ» ማለት ሲቻል፣ ወደ ሆቴል መሄድ አላስፈለገም።

መመሪያው «ኮረም» እያለ የሚጠራው ፅንሰ ሐሳብ ከሁሉ የበለጠ ያስገርማል። ሰርቨሮቹ እርስ በርሳቸው ግንኙነት አጥተው ሁለት ቦታ ቢከፈሉና ሁለቱም ወገኖች በጋራው ዲስክ ላይ ቢጽፉ መረጃው ይበላሻል። ይህን ለመከላከል እያንዳንዱ አባል ድምፅ ይሰጠዋል፤ የሚበቃ ድምፅ ያልተሰበሰበበት ወገን አይነሣም። በቫክስክላስተር ስሌቱ የታወቀ ነው። ከሚጠበቀው ድምፅ ላይ 2 ተደምሮ ለ2 ይካፈላል፤ ትርፉ ይጣላል። ሁለት ሰርቨሮች አንድ አንድ ድምፅ ካላቸው የሚያስፈልገው 2 ነው፤ ስለዚህ አንዱ ብቻውን አይነሣም። ለጋራው ዲስክም አንድ ድምፅ ቢሰጥ የሚጠበቀው 3፣ የሚያስፈልገው 2 ይሆናል፤ አንድ ሰርቨርና ዲስኩ ይበቃሉ። መቆጣጠሪያው በአቋም ስሕተት ያን ዲስክ ካላሳየ ግን ብቻውን የቀረው ሰርቨር ቆሞ ይጠብቃል። አልተበላሸም፤ ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላለትም። ማንኛውም የማኅበር ወይም የምክር ቤት አባል «ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባው አልተጀመረም» ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። አባል፣ ድምፅና ምልዓተ ጉባኤ በአማርኛ ተሟልተው ሲገኙ «ኮረም» ብሎ መጻፍ፣ በቤት ያለውን ከጎረቤት መበደር ነው።

ሰርቨሮቹ በአንድነት ሲጠሩም እንዲሁ ነው። መመሪያው «ክላስተር» እና «ዘለላ» የሚሉትን ያለ ልዩነት ያፈራርቃል። ዘለላ የወይን ነው፤ ፍሬዎቹ በአንድ ግንድ ላይ ተሰቅለዋል እንጂ አንዱ የሌላውን ሥራ አይረከብም። በእርሻ ሙያ ክላስተር «ኩታ ገጠም» ተብሏል፤ ይህ ለተጎራባች ማሳ ተስማሚ ነው፤ ሰርቨሮች ግን አጠገብ ላጠገብ መሆን አይጠበቅባቸውም። የትምህርት ባለሙያዎች ግን ተራርቀው ያሉ፣ የሚደጋገፉና የጋራ ማዕከል ያላቸውን ትምህርት ቤቶች «ጉድኝት» ብለዋቸዋል። መጎዳኘት መተባበርና መጣመር ነውና «የሰርቨር ጉድኝት» የሚለው ፅንሰ ሐሳቡን በሚገባ የሚገልጥ ይመስለኛል።

ሒስ ነቀፋ ብቻ አይደለም። መመሪያው መልካም የሠራቸውም አሉ። የመቆጣጠሪያውን ጊዜያዊ ማቆያ «መሸጎጫ» ብሎ፣ ሁለቱን የአጻጻፍ ስልቶች «ወዲያው መጻፍ» እና «አቆይቶ መጻፍ» ብሎ ለይቷል። አቆይቶ መጻፍ ፈጣን ነው፤ መብራት ቢጠፋ ግን ገና ወደ ዲስክ ያልወረደው መረጃ በመሸጎጫው ውስጥ በባትሪ ኀይል ተጠብቆ መቆየት አለበት። ባትሪው ካለቀና መረጃው ከጠፋ፣ አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ሰው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሰርቨሩን ከመነሣት ያግዳሉ። ይህን ሁሉ መመሪያው በሁለት አንቀጽ፣ ምንም የማያደናግር አማርኛ አስረድቷል። ስለዚህ ተርጓሚዎቹ ችሎታ አልጐደላቸውም፤ የጐደለው ሥርዐት ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ቴክኒሺያኖቹ እንደሆነ ‹ቡት አላደርግ አለ› እያሉ ይግባባሉ» የሚል ክርክር ይነሣል። በንግግር እንደሚግባቡ አይካድም፤ ሰርቨርና ዲስክ የሚሉትን ቃላትም በዚህ ጽሑፍ እንዳሉ ተቀብለናቸዋል። ነገር ግን መዋስ ትርጉምን አያስተምርም። ከላይ የተጠቀሰው ወጣት ኢኒሻላይዝ የሚለውን ቃል በስክሪኑ ላይ በትክክል አንብቦታል፤ የጎዳው ቃሉን ማንበብ አለመቻሉ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው አለመኖሩ ነው። የሚነግረው መመሪያው ነበር፤ መመሪያውም በአንድ ቃል ሦስት ነገር ነገረው።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በአንድ ሙያ ውስጥ ለአንድ ፅንሰ ሐሳብ አንድ ቃል፣ ለአንድ ቃልም አንድ ፅንሰ ሐሳብ ይሁን። ሁለተኛ፣ የቃላት ዝርዝር አቻ ቃላትን ከመደርደር አልፎ፣ በተለይ መረጃ የሚያጠፉትን ትእዛዞች፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይተርጉም። ሦስተኛ፣ አዲስ ቃል ከመፈጠሩ በፊት በእርሻ፣ በሕግ፣ በትምህርትና በማድ ቤት ያለው ይፈለግ። አራተኛ፣ መመሪያ ከመታተሙ በፊት ሥራውን ለማያውቅ ተማሪ በባዶ ዲስክ ላይ ተሰጥቶ ይፈተን፤ ተማሪው የሚሳሳትበት ቦታ ቃሉ የተሳሳተበት ቦታ ነው።

«ማሟሸት»፣ «እንግዳ ውቅር»፣ «ዘላቂ ይዞታ» እና «ጉድኝት» የቀረቡት ለውይይት እንጂ ለፍርድ አይደለም፤ የተሻለ ያለው ቢያቀርብ ደስታዬ ነው። መመሪያው አሁን እየታረመ ነው። ለወጣቱ የተጻፈው የወቀሳ ደብዳቤ ግን እስካሁን በማኅደሩ ውስጥ አለ። ከቃላት ዝርዝሩ ጋር እርሱም ቢታረም ፍትሕ ይመስለኛል።